የባቄላ እርሾ

ሽታዬ ምስጋና ከጀመረች የት ላይ እንደምታቆም የሚያውቅ የለም። ጠዋት ከቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ትቆምና ስለ ጉልበቷ ታመሰግናለች፤ ስለ ምንጩ ውሃ ታመሰግናለች፤ ጎንደር ስላለችው ልጇ፣ ስልጆዋን ሳይደፋ ስላደረሰላት የሚኒባስ ረዳት፣ ባቄላው ላይ ሳይወርድ ስላለፈው በረዶ፣ አንዱንም ሳታስቀር በስም እየጠራች ታመሰግናለች። ቄሱ አባ ሐብተ ማርያም ቤተ ክርስቲያኑን ሊዘጉ መክፈቻውን እያንቀጫቀጩ ይጠብቋታል። አንዳንዴም፣ የሚጽፉት መላእክት እኮ ይደክማቸዋል ይሏታል። እሷ ግን አትቸኩልም። ሁለት ምስጋና ሁልጊዜ ለመጨረሻ ታስቀራለች።

አንደኛው በአፈር ውስጥ ስላሉት፣ በዓይን ስለማይታዩት ነው። «ትንንሾቹ» ትላቸዋለች። ዘንድሮ ባቄላዋ ወገቧን አልፎ ቆሟልና መንደሩ ይህን ምስጋናዋን ለምዶታል። ሁለተኛው ስለ አያ ወንድምአገኝ ኩርፊያ ነው። ሰው ስለ ዕርቅ ሲያመሰግን ሁላችንም ሰምተናል፤ ስለ ኩርፊያ የሚያመሰግን ግን ከሽታዬ በቀር አልገጠመኝም። ነገሩን ከሥሩ ያልሰማ ሊገባውም አይችልምና ከሥሩ እንጀምር።

ሽታዬ ከድብ ባሕር በላይ፣ ከመኪናው መንገድ የአንድ ሰዓት አቀበት ወጥቶ በሚገኝ ደጋ ላይ የምትኖር፣ ሃምሳን ያለፈች ሴት ናት። ባሏ አስማረ ከሞተ ቆይቷል። አንዲት ልጇ ዝናሽ ጎንደር አግብታ፣ አዘዞ በኩል ትኖራለች። ሽታዬ በሁለት ነገር ትታወቃለች፤ በስልጆና በዘር።

ስልጆ ለማያውቀው የጾም ማባያ ነው። የሱፍ ውሃና የባቄላ ዱቄት እንደ ገንፎ ይበስልና ሲበርድ ሰናፍጭና ቅመም ገብቶበት፣ ጥቂት ቀን ተቀምጦ እየኮመጠጠ ይመጣል። የሽታዬ ስልጆ ዐቢይ ጾም በገባ ቁጥር በማሰሮ ታሽጎ እስከ ጎንደር ቅዳሜ ገበያ ይወርዳል። ምስጢሩ እርሾው ነው። ካለፈው ስልጆ አንድ ጭልፋ አስቀርታ ለሚመጣው ትጥላለች፤ ያም ከእናቷ፣ የእናቷም ከአያቷ የመጣ ነው። ገንፎው ትኩስ ሳለ ግን ሞታ ትገኛለች እንጂ እርሾ አትጥልም። በክንዷ ነክታ፣ ቆይታ፣ ደግማ ነክታ፣ እንደ ሕፃን ገላ ለብ ሲል ብቻ ነው። ትኩስ ላይ የወደቀ እርሾ ይሞታል ትላለች። እርሾ ነፍስ እንዳለው የነገራት ሰው የለም፤ ሠላሳ ዓመት አብራው ስለኖረች ነው የምታውቀው።

ዘሩ ደግሞ ሌላ ሙያ ነው። ከምድጃዋ በላይ፣ ጢሱ በሚያልፍበት ማገር ላይ፣ የዘር ቅሎች ተደርድረው ተንጠልጥለዋል። ጢስ የጠጣ ዘር ነቀዝ አይደፍረውም። የመንደሩ ሰው ለዓመቱ የሚያስቀረውን ዘር ወደ እሷ ቤት ያመጣል። ዘር ሽታዬ ቤት ካደረ አለቀ፣ ሰው በሰላም ይተኛል።

ይህ ሁሉ ስም ግን መሬቱን አልጠቀመውም። መሬቱ ደክሞ ነበር። ድሮ ሰው ባቄላው ውስጥ ገብቶ በሚጠፋበት ማሳ ላይ አሁን ከጉልበት የማያልፍ፣ ቅጠሉ የገረጣ፣ ሁለት የፍሬ ቆባ ይዞ የሚቆም ነገር ይበቅላል። ማዳበሪያ ሲፈልጉት አይመጣም፤ ሲመጣ ወቅቱ አልፏል፤ ዋጋውም ሰው አይደፍረውም። ሽታዬ ለስልጆዋ የሚሆን ባቄላ ከገበያ መግዛት ጀመረች። ይህን ሰው እንዳያይ ነጠላዋን ከሸክሙ ላይ ጣል አድርጋ ነበር የምትመለስ። ዝናሽ በደወለች ቁጥር፣ መሬቱን ለእኩል አራሽ ስጪና ነይ፣ እኔ ዘንድ ተቀመጪ ትላታለች። ሽታዬ፣ አንድ ክረምት ብቻ ልሞክር ትላለች። እንዲህ እያለች ሦስት ክረምት ሞከረች። በሦስተኛው፣ ይኸኛው እምቢ ካለ እመጣልሻለሁ ብላ ለልጇ ቃል ሰጠች። እንግዲህ ከመሬቷ ጋር የቀራት አንድ ዘመን ነበር።

በዚያው ዓመት ነው ፀደንያ የመጣች። የጎንደር ልጅ፣ የደብር አገልጋይ ቤተሰብ፣ ትምህርቷን ጨርሳ የግብርና ባለሙያ ሆና ወደ ደጋው የተመደበች ናት። መንደሩን ከመሰብሰቢያው ጽድ ዛፍ ሥር ሰብስባ ከቦርሳዋ አንድ ጥቁር ዱቄት የያዘ ፓኬት አወጣችና፣ ይህ ማዳበሪያ ሕይወት አለው አለች። በውስጡ በዓይን የማይታዩ ባክቴሪያዎች እንዳሉ፣ ከባቄላ ዘር ጋር ከተዘሩ በሥሩ ላይ ትንንሽ እባጭ ሠርተው እንደሚኖሩ፣ ከአየር ላይ ምግብ እየያዙ ባቄላውን እንደሚመግቡ፣ እሱም በተራው እንደሚያበላቸው፣ ለሚቀጥለው ዓመት ገብስም በአፈሩ ውስጥ ስንቅ ትተው እንደሚሄዱ አስረዳች። ሰው ተያየ። አንዱ ላም አለኝ በሰማይ አለ፤ ሌላው ወተቷን ጨመረለት፤ ሳቅ ሆነ። ልጅቱ ፊቷ ቀላ።

ሽታዬ ግን አልሳቀችም። ፓኬቱን ተቀብላ አሸተተችው፤ በመዳፏ መዘነችው።

«ምኑ ነው የሚያስቀው?» አለች። «የባቄላ እርሾ ነው።»

ከዚያ ወዲህ ስሙ የባቄላ እርሾ ሆኖ ቀረ። ፀደንያ ራሷ ጎንደር ሄዳ አለቆቿ ፊት እንዲሁ ብላ ጠርታው አስቃቸዋለች ይባላል። በሽታዬ ቃል አሥራ ሁለት ቤት ተመዘገበ፤ ለዚያ ዓመት ባቄላቸውን በማዳበሪያው ፈንታ በእርሾው ሊዘሩ ተስማሙ። ፓኬቶቹ በግንቦት መጡ። የሰኔ ዝናብ እስኪረጋ ሦስት ሳምንት ይቀር ነበር። ፀደንያ እናቷ ታመውባት ወደ ጎንደር ልትወርድ ስለሆነ፣ የጽሕፈት ቤቱ ቆርቆሮም እንደ ምጣድ ስለሚግል፣ ፓኬቶቹን ለሽታዬ አደራ ሰጠቻት። ፀሐይ አይንካው አለቻት፤ ሁለት ጊዜ ደገመችላት። ሽታዬም ዓይኔን እንደምጠብቅ እጠብቀዋለሁ አለች።

አሥራ አንዱ ፓኬት ሽታዬ ቤት ገባ። አሥራ ሁለተኛውን ባለቤቱ አንሥቶ ከኪሱ ከተተና ሄደ። እሱም አያ ወንድምአገኝ ነው።

የአያ ወንድምአገኝና የአስማረ ማሳ ጎን ለጎን ነው፤ በመካከላቸው በድንጋይ መደዳ የተለየ ድንበር አለ። ከዘጠኝ ዓመት በፊት አያ ወንድምአገኝ፣ አስማረ አንድ ትልም አልፎ አርሶብኛል አለ። አስማረ አላለፍሁም አለ። ሽማግሌ ተቀመጠ፣ ገመድ ተዘረጋ፣ ድንጋዩ ሲነሣና ሲመለስ ዋለ፤ በመጨረሻ ታረቁ ተባለ እንጂ አልታረቁም። ሦስት ዓመት ሳይነጋገሩ ኖሩና አስማረ ድንገት ታሞ ሞተ። በዚያ አገር ሰው ምን ቢጣላ ቀብር ላይ ይደርሳል። አብሮ አፈር ያለበሰ ቂሙን እዚያው ቀበረ ማለት ነው። መንደሩ ሁሉ ወጥቶ አስማረን አፈር ሲያለብስ አያ ወንድምአገኝ አልነበረም። ለቅሶ አልደረሰም፤ ተዝካርም አልቀመሰም። ሽታዬ የድንበሩን ነገር እንኳ ትረሳው ነበር፤ ይህን ግን ልትረሳ አልቻለችም። ከዚያ ወዲህ መንገድ ላይ ሲገናኙ እሷ ወደ ገደሉ፣ እሱ ወደ ሰማዩ እያየ ያልፋሉ። እና ይህ ሰው እርሾውን እሷ ቤት ሊያሳድር ነው? ቤቱ ወስዶ ከጓዳው ጥግ፣ ከውሃ እንስራዎቹ ኋላ፣ እርጥብና ጨለማ ከሆነው ስፍራ ወረወረው። አዋቂ ሆኖ አይደለም፤ ግድም አልሰጠው።

ሽታዬስ? ሽታዬ ፓኬቶቹን በንጹሕ ጨርቅ ጠቀለለች። ፀሐይ የማይደርስበትን ቦታ አሰበች። ነቀዙን አሰበች፤ አይጡን አሰበች። በቤቷ ውስጥ ለከበረ ነገር ከአንድ ቦታ በቀር አልነበራትም። በርጩማ ላይ ቆማ፣ ከምድጃው በላይ፣ ከዘር ቅሎቹ መካከል፣ ጢሱ በደንብ በሚያገኘው ማገር ላይ አሥራ አንዱንም አንጠለጠለቻቸው። ሦስት ሳምንት ሙሉ ጠዋትና ማታ እሳቷን አነደደች። ወደ ላይ ባየች ቁጥር ደስ ይላት ነበር።

ሰኔ ሲጋመስ ዝናቡ ረጋ። ፀደንያ ተመለሰች። ሰዉ በጽዱ ጥላ ሥር ተሰብስቦ ባቄላውን በስኳር ውሃ አራሰ፤ ጥቁሩን ዱቄት ለወሰበት፤ ጥላው ውስጥ አናፍሶ በዚያው ቀን ዘራው። ጨርቁ ጢስ ጢስ ይሸት ነበር፤ በዚያ መንደር ግን ጢስ የማይሸት ምን አለ? ፀደንያም ልብ አላለችው። አያ ወንድምአገኝ የእሱን በማግሥቱ ብቻውን ዘራ።

በፍልሰታ ጾም ፀደንያ መቆፈሪያ ይዛ መጣች። ባቄላውን በቀስታ ከሥሩ ነቀለች፤ ሥሩን በውሃ አጠበች። ሰው ከበባት። ሥሩ ላይ እዚህም እዚያም ጥቂት እባጭ ነበር፤ በምላጭ ሰንጥቃ ስታየው ውስጡ ነጭ ነው። ሌላ ማሳ ሄደች፤ ያው ነው። አሥራ አንዱን ማሳ አዳረሰች። ፊቷ እየጠቆረ ሄደ። በመጨረሻ ለወጉ ያህል ወደ አያ ወንድምአገኝ ማሳ ገባች። እዚያ ባቄላው ደረቷ ድረስ ነበር። አንዱን ነቀለች። ሥሩ ላይ እባጩ እንደ እንጀራ ዓይን ጥቅጥቅ ብሏል። ሰነጠቀችው። ውስጡ እንደ ሥጋ ቀይ ነው። ቀዩ የሚሠራው ነው፤ ነጩ ሥራ ፈት ነው ብላ አስረዳች። የአያ ወንድምአገኝን ጉንጭ ያኔ ያየ ሰው፣ ፈገግታውን በግድ እንደዋጠ ይናገራል።

ፀደንያ አሥራ አንዱ ፓኬት ከማምረቻው ሲወጣ ተበላሽቶ ይሆናል ብላ ገመተች። ለክፍሉ አቤት እላለሁ፣ እንዲህ ያለውን ዕቃ ዳግመኛ ወደዚህ አላመጣም አለች። መንደሩም ተስማማ። የሽታዬን ስም ያነሣ አልነበረም። ዘር ሽታዬ ቤት አድሮ ሊበላሽ?

ከሁለት ቀን በኋላ ሽታዬ ለፍልሰታ የመጨረሻውን ስልጆ እየሠራች ነበር። ገንፎውን አውጥታ እስኪበርድ እየጠበቀች፣ ሰናፍጭ ልታወርድ በርጩማው ላይ ወጣች። ምድጃው ይነዳል። እጇን ወደ ማገሩ ስትሰድ ሙቀቱ ክንዷን ገረፈው። ሠላሳ ዓመት የምታውቀው ሙቀት ነው። ያን ዕለት ግን ክንዷ ገንፎ የሚለካው ክንዷ ሆነ። እንደዚያ እጇን እንደ ዘረጋች ቆማ ቀረች። ከዚያ ወርዳ መሬት ላይ ተቀመጠች። ትኩስ ገንፎ ላይ እርሾ የማትጥለው ሽታዬ፣ የአሥራ አንድ ቤት እርሾ ሦስት ሳምንት እሳት ላይ ሰቅላ ጠብሳለች።

ሆድ ይፍጀው ማለት ትችል ነበር። የሚያውቅባት የለም። ዝም ካለች ግን ጥፋቱ ከማይታወቁ ሰዎች ላይ ይወድቃል፤ ልጅቱ እርሾውን ደግማ አታመጣም፤ መንደሩም ነገሩ ውሸት ነበር ብሎ ይቀመጣል። ከተናገረች ደግሞ ያላት ስም ነው የሚሄደው፤ ባል የሞተባት፣ መሬቷ የደከመባት ሴት ከስም በቀር ምን አላት? ሦስት ሌሊት ተገላበጠች። የፍልሰታ ዕለት፣ ቅዳሴ ወጥቶ ሰው ጽዱ ሥር እንደ ተሰበሰበ ተነሥታ ቆመች።

«እርሾው ጤነኛ ነበር» አለች። «የገደልሁት እኔ ነኝ። ከምድጃ በላይ ሰቅዬ ነው የገደልሁት። ከእናንተ አንድም ሰው እንዳይማረር፣ ልጅቱንም እንዳታሳፍሯት።»

ከዚያ አንዱ አጉረመረመ፤ አንዷ፣ እኔ ድሮም ማዳበሪያው ይሻላል ብዬ ነበር አለች፤ ሌላው በስተርጅና ነገር ተሳሳታት ብሎ እንደ ማዘን አደረገው። የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል። ፀደንያ ዓይኗ እንባ ሞልቶ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ስለ ፀሐይ ስናገር ስለ እሳት ረሳሁ አለች። ሽታዬ፣ ከእሳትና ከእርሾ ጋር ያረጀሁት እኔ ነኝ ብላ ያንን እንኳ አልተቀበለችላትም። አያ ወንድምአገኝ ከሰዉ ጠርዝ ላይ በዱላው ተደግፎ ሲሰማ ቆየና አንድ ቃል ሳይተነፍስ ተነሥቶ ሄደ። ሽታዬን ከሁሉ ያቃጠላት ይህ ነው። ቤቱ ገብቶ ብቻውን ሊስቅ ነው ብላ አሰበች።

መከሩ እንደ ተጠበቀው ሆነ። አሥራ አንዱ ቤት ጥቂት አገኘ፤ አያ ወንድምአገኝ አውድማው ሞላ። ሽታዬ ለዝናሽ ስልክ ደውላ እመጣለሁ አለች። ፀደንያ ግን ለመነቻት፤ አንድ ዓመት ብቻ፣ አሁን እኮ ምን እንደሆነ አውቀነዋል፣ አዲስ ፓኬት አስመጣለሁ አለቻት። ሽታዬም ስለ ልጅቱ ስትል ቀረች።

ዓመቱ ዞረ። ግንቦት ገባ፤ ፓኬቱ አልመጣም። መንገዱ ሲዘጋ ሲከፈት፣ ሲከፈት ሲዘጋ ሰነበተ። ሰኔ ሲብት ፀደንያ በእግሯ አቀበቱን ወጥታ መጣችና አንድ መላ አለ አለች። ትንንሾቹ አያ ወንድምአገኝ ማሳ ውስጥ፣ አፈሩ ውስጥ አሉ። ማሳውን በሽታ እንዳይኖርበት ተመላልሳ አይታዋለች፤ ንጹሕ ነው። ከላይኛው እርጥብ አፈር ተወስዶ ከዘሩ ጋር ቢለወስ ፓኬቱን ባያህልም ይሠራል። ዘር የሚደርስበት ጊዜ ግን ከሳምንት አይበልጥም። አፈሩ ካልተገኘ አሥራ አንዱ ቤት በሞተ መሬት ላይ ሊዘራ ነው፤ ሽታዬም ከዚህ ወዲያ የምትሞክረው ዓመት የላትም።

ሁለት ሽማግሌና አባ ሐብተ ማርያም ተልከው ሄዱ። አያ ወንድምአገኝ እንዲቀመጡ ጋበዛቸው፤ ጠላ ቀዳላቸው፤ ነገሩን ሰማ። እሰጣለሁ አለ። ግን ሽታዬ ራሷ ትምጣ።

ይህ መልእክት ሲደርሳት ሽታዬ ከል እንደ ለበሰች ሴት ጠቆረች። ድንጋይ ተሸክሜ እግሩ ሥር እንድወድቅለት ነው የሚፈልገው አለች። ባሌን ሳይቀብር የቀረ ሰው፣ ለአንድ ትልም አፈር ብሎ ከሬሳ ጋር የተጣላ ሰው፣ እኔን አፈር ሊያስለምነኝ ነው። አባ ሐብተ ማርያም ሊመክሯት ሞከሩ፤ ምስጋና ሲሆን የማታቆመዋ ሴት ለዚህ አንድ ቃል አልመለሰችላቸውም። እንዲህ ሆና ሦስት ቀን አለፈ።

በሦስተኛው ቀን ማምሻ ላይ እናቷ ትዝ አለቻት። ሽታዬ ልጅ ሳለች አንድ ዓመት የእናቷ እርሾ ተበላሸ። በመንደሩ ተመሳሳይ እርሾ የነበራት አንዲት ጎረቤት ብቻ ናት፤ ከእሷ ጋር ደግሞ እናቷ ዓይንና ናጫ ነበሩ። እናቷ ማሰሮዋን ይዛ ሄደች፣ ሴትዮዋም ቀድታ ሰጠቻት፤ ሁለቱም ምንም እንዳልተፈጠረ ሆኑ። በዚያ አገር እሳትና እርሾ ለጠላትም አይከለከልም፤ ለጠላትም ይለመናል። ከአንዱ ቤት ሲጠፋ ከሌላው ቤት ካልተነሣ የመንደር እሳት በምን ይኖራል? ሊያስለምነኝ ነው ያልሁት አፈር አይደለም፣ እርሾ ነው አለች ለራሷ።

በማግሥቱ ጠዋት፣ የሰኔ ጾም ነውና ከጓዳዋ አንድ ማሰሮ ስልጆ አወጣች። ባዶ የማዳበሪያ ከረጢት ትከሻዋ ላይ ጣለች። ሰማዩ ደመና ነበር። ማሳው ዘንድ ስትደርስ አያ ወንድምአገኝ ከድንበሩ ድንጋይ አጠገብ፣ ከወይራው ሥር ቁጭ ብሏል። ከፊቱ አሥር የአፈር ክምር አለ፤ ሁሉም በእርጥብ ቅጠል ተሸፍኗል። አሥራ አንደኛው ትንሽ ፈንጠር ብሎ ብቻውን ነው።

እንደምን አደርህ አለች። እግዚአብሔር ይመስገን አላት። ስልጆውን ከእግሩ አጠገብ አኖረችው።

«እርሾ ልለምን ነው የመጣሁ፣ አያ ወንድምአገኝ» አለች።

«ምነው እንዲህ ዘገየሽ?» አለ። «ሦስት ቀን ሙሉ ቅጠል ስቀያይርበት ሰነበትሁ። ልጅቱ ፀሐይ ካገኘው ይሞታል ብላለች።»

ሰውየው ተነሣ፤ ጉልበቱን ይዞ ነው የተነሣ። እርጅና ሳታየው ገብቶበታል። ወደ ተነጠለው ክምር ሄዶ ቅጠሉን ገለጥ አደረገ። አፈሩ ጥቁርና ልም ነው። የተቆፈረው ከየት እንደሆነ ሽታዬ አየች፤ ከድንበሩ ድንጋይ ሥር፣ ያ የተጣሉበት ትልም ካለበት፣ ከዳር እስከ ዳር ተጭሯል።

«ለአሥሩ ቤት በማንም እጅ እሰጥ ነበር» አለ። «አንቺን የጠራሁሽ ለዚህኛው ነው። ባለፈው ዓመት አገር በተሰበሰበበት ቆመሽ ጥፋቱ የእኔ ነው ስትይ ቤቴ ገብቼ አለቀስሁ። እኔ ዘጠኝ፣ አሥር ዓመት ያልቻልሁትን ነው የቻልሽ። የአስማረ ቀብር ዕለት እስከ ወንዙ ድረስ መጥቼ ነበር፣ ሽታዬ። ሰው ምን ይለኛል ብዬ ከዚያ ተመለስሁ። አፈር አላለበስሁትም።» በዱላው ወደ ክምሩ አመለከተ። «ይኸን ውሰጂለት።»

ሽታዬ ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች። ሰባት ዓመት የያዘችው እንባ ነበር፤ ወይራውን ተደግፋ እንደ ቀብሩ ዕለት አለቀሰች። እሱም ፊቱን አዙሮ፣ ቆቡን አውልቆ፣ ወንድሜ፣ ወንድሜ እያለ አለቀሰ። የሚያዩዋቸው ከወዲያ ማዶ የሚያርሱ ሰዎች በሬዎቻቸውን አቆሙ። ከሰዓታት በፊት አንድ ሰው ሞተ ቢባሉ ያምኑ ነበር።

ሲበርድላት ዓይኗን ጠረገች።

«የእሱን አንተው ትወስድለታለህ» አለችው። «ለማሳው የሚሆነውን እኔ እሸከማለሁ።»

አያ ወንድምአገኝ ከክምሩ አንድ ሁለት እፍኝ በጋቢው ጫፍ ቋጠረ። ሽታዬ የቀረውን ከረጢቱ ውስጥ ሞላች፤ አፉን በቅጠል ሸፈነች። አብረው ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ቁልቁል ወረዱ፤ እሷ ከፊት፣ እሱ ከኋላ። አባ ሐብተ ማርያም መክፈቻቸውን እንደ ያዙ ከደጃፉ አገኟቸው፤ አይተዋቸው ተከተሏቸው። የአስማረ መቃብር ላይ ሣር በቅሏል። አያ ወንድምአገኝ ተንበርክኮ ሣሩን በእጁ ለየት አደረገና ቋጠሮውን ፈታ፤ አፈሩን በቀስታ አፈሰሰለት፤ በመዳፉም ደልደል አደረገው። ቄሱ እግዚአብሔር ይፍታህ አሉ። ለየትኛው እንዳሉ ማንም አልጠየቀም።

ደመናው መገለጥ ጀምሮ ነበር። አያ ወንድምአገኝ ቀና ብሎ አየና ጉልበቱን ይዞ ተነሣ፤ የሽታዬን ከረጢት ከትከሻዋ ተቀብሎ በራሱ ትከሻ ላይ አደረገው።

«ነይ እንሂድ፣ ሽታዬ» አለ። «ፀሐይ ሳያገኘው።»